ጋልጋሎ ሰጎን የሆነ ዕለት

ወይዘሪት ብዙወርቅ ነገሌ ቦረና ለማስተማር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ስለ ዱር እንስሳት ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ ቀጭኔ ብትስል ልጆቹ «ቀንድ ያበቀለች ግመል!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቋ አመለጣትና ሁሉንም ወደ ሜዳው አወጣቻቸው።

«በሉ፣ እናንተው እንስሳ ሁኑ። ጃታኒ አዳኝ ነው።»

ሶራና አብዱባ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋቢ ተከናንበው ዝሆን ሆኑ፤ የፊት እግሮቹና የኋላ እግሮቹ ግን በመንገዱ አልተስማሙም። ዲንኪቱ ሰጎን ሆና ሦስት ቅል እንደ እንቁላል ታቀፈች። ጃታኒ ዱላውን ደግኖ «ጧ! ጧ!» እያለ ሁሉንም ባንዴ ጨረሳቸው። የሞቱት አቧራው ላይ ተጋድመው ይንፈራፈራሉ፣ ይስቃሉ። እሱ ግን ዞር ዞር ብሎ ለንቦጩን ጣለ።

«እትዬ፣ የማድነው አለቀ እኮ! ምን ልጫወት?»

«እንግዲያው እንዳያልቅ ሕግ አውጡ» አለች።

«እንቁላል የታቀፈች አትነካም!» አለች ዲንኪቱ።

«ግልገል ያላትም!» አለ ሶራ።

«ዝሆን በጭራሽ!» አለ አብዱባ ከጋቢው ውስጥ።

ጨዋታው እንደገና ሊጀመር ሲል በአንበሳ ገዳይነቱ የታወቀው የዲንኪቱ አጎት ጋልጋሎ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ለነጋዴ የሚሸጠውን ትልቅ የሰጎን እንቁላል ታቅፎ በሜዳው ዳር አለፈ። ዲንኪቱ ክንፏን ዘርግታ ተነሣች።

«አቡያ! አጎቴ! እንቁላሌን ይመልሱ!»

እንስሳቱ ሁሉ ተከተሏት፤ ዝሆኑም ለሁለት ተከፍሎ ሮጠ። አንበሳ ገዳዩ ጋልጋሎ እንቁላሉን እንዳቀፈ እግሬ አውጪኝ ብሎ የቆመ የጭነት መኪና ላይ ዘለለ።

«ማሊ? ምን ሆናችሁ?»

«ሕግ ጥሰዋል!» አለ ጃታኒ። «ቅጣትዎ እንቁላል መታቀፍ ነው።»

ጋልጋሎ ወይዘሪት ብዙወርቅን አየ። ሳቋን በነጠላዋ አፍናለች። ወርዶ ጠመንጃውንና እንቁላሉን አጠገቧ አስቀመጠና እያጉረመረመ ቅሎቹ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድ ሰጎን ቀን አይታቀፍም! የእኔ ተራ ማታ ነው!»

«እንግዲያው እስኪመሽ ይቀመጡ!» ጮኹ ልጆቹ።

ጃታኒ ዱላውን ደግኖ ሲጠጋው ጋልጋሎ ኩታውን እንደ ክንፍ አራግቦ፣ እያፏጨ ብድግ አለ። ጃታኒ ዱላውን ጥሎ ፈረጠጠ። ጋልጋሎ አሯሯጠው፣ ሶራን ረገጠ፣ ከአብዱባ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ተንከባለሉ። እንደዚያ ሲስቅ ዲንኪቱ አይታው አታውቅም።

አቧራውን አራግፎ ሲነሣ ትልቁን እንቁላል አገላብጦ አየው። «የሰጎኗ ጎጆ ሩቅ አይደለም» አለ ወደ ዲንኪቱ ዞሮ። «ትይዢልኛለሽ?»

ዲንኪቱ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ወይዘሪት ብዙወርቅ ፈቀደችና ክፍሉ በሙሉ በሊበን ሜዳ ተከተላቸው። ከቁጥቋጦ ጀርባ ተኝተው ጋልጋሎ በደረቱ እየተሳበ ከዲንኪቱ የተቀበለውን እንቁላል ከሌሎቹ ጋር ሲያኖር አዩ። እናቲቱ ተመልሳ መጣች፤ በምንቃሯ አንከባላ አስተካከለችው፤ ከዚያም ቀስ ብላ ተቀመጠችበት።

«ታቀፈችው!» ብሎ ጃታኒ ሊጮህ ሲል ሁሉም አፉን ያዙት፤ ትንፋሽ እስኪያጥራቸውም በዝምታ ሳቁ።