አባቴ የነቀላት ዕቃ

ሃያ ዓመት ሙሉ አባታችንን መንገድ ላይ አስቀርታው የማታውቅ መኪና፣ እኔ እጅ ስትገባ ለምን ትፈላለች? ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ ለሦስተኛ ጊዜ በእንፋሎት ታፍና ቆመች። እህቴ ለሥራ ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው። ለአባታችን ቀብር ከውጭ አልደረስኩም፤ ስለዚህ በእሱ መኪና እኔው ልሸኛት ቃል ገብቼ ነበር።

«ዲግሪህን ራዲያተሩ ውስጥ ጨምረው፤ ምናልባት ይበርድ ይሆናል» አለችኝ ሰዓቷን እያየች።

ውሃ ጨመርኩ፤ መልሳ ተፋችው። የደወልንለት መካኒክ አጎታችን በታክሲ ደረሰና ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ።

«ምን ነካካህ?»

«ምንም። ቴርሞስታት አልነበራትም፤ መመሪያው እንደሚለው አዲስ ገጠምኩላት።»

«አባትህ እኮ ሆን ብሎ ነው የነቀላት። ራዲያተሯ ግማሹ ተደፍኗል፤ ቴርሞስታቷ ደግሞ የውሃውን መንገድ ትዘጋለች፤ ውሃው እንደ ልብ ካልተለቀቀላት መኪናዋ ትፈላለች። አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምላስህ ይቆረጣል?»

«ይኸው ለዚህም ምክንያት አለው፤ ለቀብሩም ነበረው» አለችው እህቴ ለአጎታችን፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። ሻንጣዋን ራሷ አውርዳ አጎታችን በመጣበት ታክሲ ሄደች።

ሞተሩ ሲበርድ አጎቴ ቴርሞስታቷን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። መኪናዋ ሳታንኮራፋ ቤት ገባች። ያኔውኑ ጻፍኩላት፦ «መኪናዋ ደኅና ናት። ስትመለሺ የምቀበልሽ እኔ ነኝ።»

እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።