ምሳ በልተሻል?

ዓለም ባንክ አካባቢ ሦስት የራይድ ሾፌሮች ተገድለው መኪናቸው ተወስዷል። ሬዲዮ ጣቢያችን ዘገባውን ለእኔ የሰጠኝ የዚያው አካባቢ፣ የቀራንዮ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ደክሞኛል። የሰውን ሞት በማይክራፎን እያወራሁ መኖር ሰልችቶኛል።

መርማሪው ባለፈው ሳምንት፣ "ገዳዮቹን የሚመራቸው ሾፌር ነው፤ ቀራንዮ ይኖራል" ብሎኛል። ወንድሜ ማኑሄ ሾፌር ነው፤ ቀራንዮ፣ እናታችን በተወችልን ቤት ይኖራል። ስልኩ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዝግ ነው። ሞቶ ይሆን ብዬ ደንግጬ ነበር። ግን በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ወዲያው ድንኳን ይተከላል። ድንኳን የለም። እንግዲያው ሸሽቷል።

አየር ጤና ጋራዥ ያለው ጓደኛው ገረሱ ሲያየኝ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

"ማኑሄ የት ነው?"

"ምሳ በልተሻል?"

"ስለ ምሳ አልጠየቅኩህም።"

"አምቦ ሰው ይዞ ሄዷል መሰለኝ። ነይ እስቲ፣ የሆነ ነገር ቅመሺ።"

ዓይኔን አላየኝም።

ቀራንዮ፣ ሰፈራችን ስደርስ የእድራችን ዳኛ ጋሽ መሸሻ በራችን ላይ ቆመዋል። ማኑሄ ሆሳዕና ሄዷል አሉኝ። ቀጥለውም፣ "እህል ቀመስሽ ልጄ?"

ተናደድኩ። ሰፈሩ በሙሉ ነፍሰ ገዳይ ደብቆ አፌን በምግብ ሊዘጋ! ጓዳ ገብቼ ለአዘጋጁ ደወልኩ።

"ከገዳዮቹ አንዱን አውቄዋለሁ። ማኑሄ ይባላል። ወንድሜ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ? በጠዋቱ ዜና ይነበብ?"

"ሰፈሬ ሲዋሽ አውቀዋለሁ። አንብቡት።"

ስልኩን እንደዘጋሁ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉወርቅ ፍርፍር ይዘው ገቡ። "አንድ ጉርሻ፣ በእናትሽ!" ለመከራከር አቅም አልነበረኝም፤ በላሁ። ስልኬን "ቻርጅ ላድርግልሽ" ብለው ወሰዱት፤ አልመለሱትም። ፍራሽ አንጥፈው በሩ ሥር ተኙ። እንዳላመልጥ እየጠበቁኝ መሰለኝ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መሸሻ፣ ገረሱ፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። እትዬ ሙሉወርቅ ከጀርባዬ መጥተው ወገቤን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ ነጋሪ በባዶ ሆድሽ አያረዳሽም። ድንኳንም የሚተከለው ቤተሰብ ከተረዳ በኋላ ነው። ይህን ስንት ለቅሶ ቤት አይቼዋለሁ!

"ልጄ ውዳሴ፣" አሉ ጋሽ መሸሻ፣ "ማኑሄን ትናንት ጠዋት ወድቆ አገኙት። መኪናዬን አልሰጥም ብሎ ገዳዮቹን ታግሏቸዋል።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ወንድሜ ገዳይ አይደለም። ተመስገን።

ከዚያ ዜናው ትዝ አለኝ።

"ስልኬን! እትዬ ሙሉ፣ ስልኬን ስጡኝ!"

"ይደርሳል ልጄ፣ ለዘመድ እኛ እንደውላለን። አንቺ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።"

ብታገል አጥብቀው ያዙኝ። ሐዘን ነው ብለው። ሴቶቹ ዋይታውን ጀመሩ፤ ውጭ ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ያራግፋሉ። ከጎረቤት ደግሞ የሬዲዮ ጣቢያችን የዜና ሙዚቃ ይሰማል።