በሄድንበት ምግብ ቤት ሁሉ ሳሎናችን

የዓመት ፈቃዴ በጀመረበት ቀን ባለቤቴን ምሳ ልጋብዛት ደሴ ፒያሳ ወዳለው ባለ መስታወቱ ምግብ ቤት ወሰድኳት። በሩን ከፍተን ስንገባ የገባነው ሳሎናችን ውስጥ ነበር።

ተሳስቼ አይደለም። ቤታችን ሰኞ ገበያ ነው፤ ከፒያሳ ባጃጅ ተይዞ ነው የሚኬደው። ቆልፈን ነው የወጣነው፤ ቁልፉም በባለቤቴ በትርንጎ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሳሎናችን ግን ቁጭ ብሏል። ዳንቴል የለበሰው ሶፋ፣ እንዳይወላገድ አንድ እግሩ ሥር ካርቶን የገባለት ቡፌ፣ ጠዋት ሳላነሳው የወጣሁት የሻይ ብርጭቆዬ ሳይቀር አለ። ከቡፌው አጠገብ ነጭ ኮት የለበሰ፣ ፎጣ ክንዱ ላይ የጣለ አሳላፊ ቆሟል።

«ስንት ናችሁ?» አለ።

«ሁለት።»

«እዚህ ጋ ይመቻችኋል» ብሎ የገዛ ሶፋችን ላይ አስቀመጠን።

ሌላው ሰው ፈቃድ ሲወስድ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ሐዋሳ ይሄዳል። እኔና ትርንጎ የተስማማነው የራሳችንን ከተማ ደሴን ልናይ ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ደሴ ውስጥ ያልገባሁበት ግቢ የለም፤ ግን ሁሉንም የማውቀው በጓሮ በኩል ነው። የትኛው ምግብ ቤት ቧንቧው እንደሚያንጠባጥብ አውቃለሁ፣ ምግቡ ምን ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ትርንጎ ደግሞ ጓሮውንም አታውቅም። ከተጋባን ጀምሮ ወንድሞቼ፣ የወንድሞቼ ጓደኞች፣ ለሐኪም ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ሁሉ እሷ የሠራችውን በልቶ ነው የሚሄደው። ፈቃድ መውሰዴን ስነግራት ሥራዋን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አለባቸው፣ አንድ ቀን ሰው የሠራውን ልብላ» አለችኝ። «ሳህኑንም ሌላ ሰው ይጠበው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይሄም ፈቃድ እንዳምናው ቤት ውስጥ ካለቀ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። አልመለስም።»

አልጮኸችም። ትርንጎ ስትጮህ አልፈራትም፤ የምፈራት ቀስ ብላ ስታወራ ነው።

እና አሁን የገዛ ሶፋችን ላይ ተቀምጠን አሳላፊውን «ምን አለ?» አልኩት።

«ያደረ ምስር አለ» አለ። ቀጥሎ ትርንጎን አየት አደረጋት። «ሌላ ከፈለጉ ደግሞ እትዬ ካሉ ይሠራል።»

ይሄኔ በሩ ተከፈተና ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ምሳ ሊበሉ የመጡ ናቸው። ሶፋውን አይተው ትንሽ ግር አላቸው። እኔ ብድግ አልኩ። «ኖር! ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ያስቆማችኋል? ቁጭ በሉ እንጂ!»

ቤቱ የገባን ሰው ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ እንደዚያ አላደግሁም። ችግሩ፣ ግቡ የተባለ ሰው ይበላል፤ እሱ እንዲበላ ደግሞ የሆነ ሰው መሥራት አለበት። ትርንጎ አየችኝ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወጥ ቤት ገባች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሰው ሲገባ፣ ሲበላና ሲወጣ ዋለ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሁሉም «እጅሽ ይባረክ» አሏት። እኔም «በሞቴ ጨምሩ፣ ምን በላችሁና» እያልኩ ስዞር እግሬ ዛለ። በመጨረሻ በሩን ከፍተን ስንወጣ የወጣነው ፒያሳ ነው። ባጃጅ ይዘን ቤታችን ሄድን፣ ትርንጎ ቁልፉን አውጥታ ከፈተች። እንግዶቹ የበሉበት ሳህን በሙሉ ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቆልሎ ይጠብቀናል። አሳላፊው የለም። ትርንጎ እጅጌዋን ሰበሰበች።

በማግስቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለ ክትፎ ቤት ሄድን። በዚህኛው ተጠንቅቄያለሁ። አስቀድሜ በመስኮት አየሁ፤ ጠረጴዛ አለ፣ የተሰቀለ ሥጋ አለ፣ የሚሳሳቁ ሰዎች አሉ። ትርንጎም ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አየች።

«እሺ፣ ይሄ ምግብ ቤት ነው» አለች።

በሩን ገፋሁት። ሳሎናችን። ያው አሳላፊ፣ ያው ፎጣ።

ቆሽቴ እርር አለ። ተመልሼ ወጣሁና በረንዳው ላይ ቆሞ ጥርሱን የሚፍቀውን የቤቱን ባለቤት ያዝኩት።

«ይሄ በር ምን ሆኗል?»

«ምን ሆነ?»

«የሚከፈተው ወደ እኔ ሳሎን ነው።»

ከፍቶ አየ። ዘጋው። እንደገና ከፍቶ አየ። «ቆንጆ ሳሎን ነው» አለ። «ለሌላው ሰው ግን ደህና ነው የሚከፈተው። እንግዲህ ከእርስዎ ኋላ የሚገባውን እዚያው ያስተናግዱልኝ። ምሳ ሰዓት ነው፣ ደንበኛ መመለስ አልችልም።»

«እኔ ምን በወጣኝ?»

«ቤትዎ አይደል እንዴ?»

ስመለስ ሶፋው ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን እያስተካከሉ «ሥጋው የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የክርስቲያን ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሽሮ ይሁንልኝ።»

«ጎመንም ይጨመርልዎ?» ስላቸው ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ድስት መሬት ላይ ሲያርፍ ተሰማ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ትርንጎ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ምን አደረግሁ? በሩን እኔ ሠራሁት?»

«ሰው ሲገባ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትል ምን አለበት?»

«ቤቴ የገባን ሰው እንዴት ዝም እላለሁ? ሰው አይደለሁም?»

«ምግብ ቤት ነው፣ አለባቸው!»

«ሶፋው የኔ ነው።»

የባጃጁ ሹፌር በመስታወት አየንና ሙዚቃውን ከፍ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። አራዳ ሄድን፣ ሆጤ ሄድን። ሸዋ በር ሰፈር አንድ ጁስ ቤት ገባን፤ አሳላፊው «ጁስ የለም፣ እትዬ ካሉ ግን ተልባ ይበጠበጣል» አለን። ጓሮ አውቅ የለ፣ በቆጣሪው በኩል ዞሬ በኋላ በር ልግባ ብዬ ከገዛ ጓዳችን ከበርበሬው ጆንያ ጋር ተላተምኩ። የሚያናድደው ደግሞ፣ መንገዱ ላይ ትርንጎ ደስ ይላታል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲገፈፍ ቆማ ታያለች። ያላየችው መንገድ ስታገኝ «ይሄ ደግሞ የት ያወጣል?» ትለኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ። እንዲህ ሆነን ሄደን አናውቅም። በር ላይ ስንደርስ ፊቷ ይጠቁራል።

በመጨረሻ ሐይቅ ሄድን። ዓሣው ውሃው ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው የሚበላው ሲሉኝ፣ በር የሌለው ቦታ ምን ሊያደርገን ነው ብዬ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ትርንጎ ፈገግ ብላ ነበር። ዓሣ ጠባሹ ዘይቱን እያጋለ «አጥሩ ውስጥ ገብታችሁ ቁጭ በሉ» አለን። አጥር የሚለው ሁለት የቆሙ እንጨቶችን ነው። በመሐላቸው አለፍን።

ሳሎን። በመስኮታችን ግን ሐይቁ ይታያል፤ ይሄ አዲስ ነው። አንድ ታንኳ ቀስ እያለ ያልፋል።

«ዓሣ አለ» አለ አሳላፊው። «ቅርፊቱ ብቻ ነው ያልተነሳው።» ሳፋውን ትርንጎ እግር ሥር አስቀመጠላት።

ትርንጎ ሳፋውን አየችው። ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አጥፋ ሶፋው ላይ ተደላደለች። «ዛሬ አልነሳም» አለች።

እንግዶቹ ገብተው ተደርድረዋል። ሁሉም እኛን ያያል። አንዲት ሴትዮ ሁለት ጊዜ አዛጋች። ሰው ቤትህ ገብቶ ተርቦ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። አሳላፊው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ወጥ ቤት ማን አለ?»

«ትንሽ ደክሟት ነው» አልኩ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አሁን ትነሳለች።»

ትርንጎ ተነሳች። ጫማዋን አደረገች፣ ቦርሳዋን ያዘች። የሄደችው ግን ወደ ወጥ ቤት አይደለም።

«ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችኝ በሩ ላይ ሆና። «አንተ እዚህ እንግዳህን አስተናግድ።»

እንግዶቹ ሳይበሉ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው ሰውዬ ሲወጣ «አይዞህ» አለኝ፤ ይሄ ከሁሉ ይልቅ አናደደኝ።

በማግስቱ ትርንጎ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። «አትከተለኝ» ብላኛለች። ተከተልኳት፤ ምን ላድርግ? ፒያሳ ወዳለው ባለ መስታወቱ ቤት ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ ገባች። በመስታወቱ አየኋት። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጧት። አንዲት ልጅ በጆግ ውሃ እያፈሰሰች አስታጠበቻት። ትርንጎ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ልጅቷም ሳቀች። ባለቤቴ ሰው እንደምታስቅ ረስቼው ነበር። እኔም ገብቼ አጠገቧ ልቀመጥ በሩን ገፋሁት።

ሳሎናችን ውስጥ ማንም የለም፣ ከአሳላፊው በቀር።

«መጣህ?» አለኝ። «ትዕዛዝ አለ። መስኮቱ ጋ አንዲት ሴት፣ ሽሮ።»

«ሽሮ መሥራት አልችልም።»

«ወጥ ቤት ሌላ ሰው የለም» ብሎ ሽርጥ ሰጠኝ።

ሽንኩርቱን ስከትፍ ዓይኔ ነደደ። ሽሮው የሚጨመረው ውሃው ከመፍላቱ በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ደረሰ?» ስል ኖሬ፣ አንድ ቀን ድስቱን አላየሁም። ጓጎለብኝ። በማማሰያው ብቀጠቅጠው፣ ብደፈጥጠው ወይ ፍንክች። እጄን አቃጠለኝ። አሳላፊው ሳህኑን ይዞ በጓሮ በር ወጣ፤ እኔም እንደ ተፈታኝ ቆሜ ጠበቅሁት።

ሲመለስ ሳህኑ ባዶ ነው።

«በላችው?»

«በላችው።»

«ምን አለች?»

«ጓጉሏል አለች። ማን ነው የሠራው ብላም ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«አዲስ ሰው ነው አልኳት» አለና ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጠው። ዕቃ ማጠብ የእሱ ሥራ አይደለም። አጠብኩት።

ትርንጎ በዚያ ቀን ቤት አልገባችም፤ በማግስቱም። ኮምቦልቻ ደወልኩ። «እኛ ጋ አልመጣችም» አለችኝ እህቷ። «ደሴን እያየሁ ነው ብላ ደውላልኛለች። ድምጿ ደስ ይላል። ምን አግኝታ ነው?» ምን ልበላት? ምሳ ሰዓት ላይ ልፈልጋት ምግብ ቤት ስገባ ግን ሳሎናችን ነው፣ ትዕዛዝም ይጠብቀኛል። አንድ ቀን አራዳ ሆና ምስር፣ ሌላ ቀን ሆጤ ሆና ጎመን ትላለች። በጓሮ በር አሳላፊውን ተከትዬ ለመውጣት ሞክሬያለሁ፤ እሱ ይወጣል፣ እኔ ስወጣ ሳሎን ነው። ስለዚህ እሠራለሁ። ሽንኩርቱን ማቁላላት ለመድኩ። ሽሮ መቼ እንደሚነሰነስ ገባኝ። ሰው ሲገባ ግቡ እላለሁ፣ ከዚያም ራሴ ወጥ ቤት እገባለሁ። ማታ ማታ ወገቤ ይቆረጣል። ትርንጎ ስትመጣ ይሄን ሁሉ እነግራታለሁ ብዬ ቃሉን በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

የፈቃዴ የመጨረሻ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና ገባች። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፊቷ ፈክቷል። ሶፋውን አየች፣ ዳንቴሉን ዳበስ አደረገችው፣ ቡፌውን አየች።

«ደስ የሚል ቤት ነው» አለች። «እዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ምግብ ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር።»

ሶፋው ዳር ላይ ተቀመጠችና አጨበጨበች። አሳላፊውን ፈለግሁት። የለም፤ ነጭ ኮቱ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እኔው ሄድኩ።

«ትርንጎ፣ እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ሽርጤን፣ የተቃጠለ እጄን አየች።

«አወቅኩዎት» አለች። «ሽሮ የሚያጓጉሉት እርስዎ ነዎት። አሁንስ ተሻሽለዋል።»

ትርንጎ አንቱ ብላኝ አታውቅም። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ።

«ምን ልታዘዝ?» አልኳት።

«ትንሽ ልቆይ። ባለቤቴን እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ምሳ ሊጋብዘኝ ነው።»

«ይመጣል?»

«ይመጣል» አለች። «ፈቃድ ላይ ነው።»

ከጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገች፣ ፀጉሯንም አስተካከለች። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። ከውጭ ሰው እግሩን ምንጣፍ ላይ ሲጠርግ ተሰማ፣ ከዚያም ሳለ። ሳሉ የኔ ነው። የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።