ጥቁሩ ድንጋይ ላይ የቀረችው 19

ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፤ ስሜ ቲሆሚር ይባላል። በመንደራችን በክሩሽቪጻ መቃብር ከቆሙት ሐውልቶች ግማሹን የጠረብኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከጥፋቱም ግማሹ የኔ ነው። በኛ መንደር ባል ሲሞት የሚስቱም ስምና ፎቶ አብሮ ሐውልቱ ላይ ይሰፍራል፤ የምትሞትበት ዓመት ብቻ ክፍት ይቆያል። እኔ ደግሞ ሥራዬን ለማቅለል የዓመቱን መጀመሪያ፣ "19" የምትለዋን አስቀድሜ እቀርጽ ነበር። ማን ከዚያ ያልፋል ብዬ! ሁለት ሺህ ሲገባ አሥራ አንድ መበለቶች በሕይወት ቁጭ ብለዋል። "ሞት ቀጠሮ አፈረሰብን፣ ያንተ ቁጥር ነው ያሳሳተው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እትዬ ስታመንካ ብቻ አልሳቁም። የፕሪም ለቀማው ባለቀ ሳምንት አንድ ጠርሙስ ማርማላታ ይዘው መሥሪያዬ ድረስ መጡ።

"ቲሆሚር ልጄ፣ ስሜን ከባሌ ከራዲሳቭ ጎን ፋቅልኝ። ስሞት ከላይ በኩል፣ እናቴ ጎን እንዲቀብሩኝ። የእንጨት መስቀል ይበቃኛል።"

"ምነው እትዬ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው? ሰውማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጩኸቴን እየሰማ መስኮቱን ሲዘጋ ኖረ። አንተንም ጨምሮ።" ግራ ክንዳቸውን አነሱ፤ ባላቸው ከሰበረው ወዲህ ተቃንቶ አያውቅም። "ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ እጁን እየጠበቅኩ ነው የተኛሁት። አፈር ውስጥ እንኳ ልገላበጥ እንጂ!"

እውነታቸውን ነው። በባልና በሚስት መሀል አይገባም እያልኩ መስኮቴን ዘግቻለሁ።

ግን የራዲሳቭ ወንድም ጋሼ ቩኮማን የክርስትና አባቴ ናቸው። በኛ ዘንድ የክርስትና አባትን ማስቀየም ከእግዜር መጣላት ነው። ወሬውን ሰምተው ኖሮ እትዬ ሊመጡ በዋዜማው መጥተው "መዶሻህ የወንድሜ ድንጋይ ላይ ካረፈ ደጄን እንዳትረግጥ!" ብለውኛል።

አፌ ከዳኝ።

"እትዬ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይጠፋም" አልኳቸው። "ቢሞከር ይሰነጠቃል።"

"አይጠፋም?"

"አይጠፋም።"

 ጠርሙሱን ወደኔ ገፋ አደረጉ።

"እንግዲህ ድንጋይ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ። ማርማላታውን ብላ፤ ለጥርስህ ብዬ ስኳሩን ቀንሼዋለሁ።"

ክረምቱን ሙሉ በላሁት። ይጣፍጥ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በየካቲት ሞቱ። ልጅ የላቸውም። ስማቸው ያለው እዚያ ነውና ማንም ሌላ ቦታ አልጠየቀም፤ ራዲሳቭ ጎን ገቡ። እኔም ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ለአርባቸው መቃብሩ ጋ ስንሰበሰብ ጋሼ ቩኮማን በከዘራቸው ሐውልቱን መታ መታ አደረጉ። "ይቺ 19 ታሳፍራለች። አስተካክላት" አሉኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ የኤሌክትሪክ ገመድ ስቤ ግራይንደሩን አስነሳሁ። በሩብ ሰዓት 19 የለችም። ድንጋዩ አልተሰነጠቀም። በቦታዋ 2004 ቀረጽኩ።

የእትዬ ስታመንካ ጎረቤት ልዩቢንካ የስንዴውን ንፍሮ እንደያዘች ቀረብ አለች። የተፋቀውን ቦታ በጣቷ ዳበሰችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"አይጠፋም ብለሃት አልነበር?"

የድንጋዩን ብናኝ በእጅጌዬ ጠረግኩ።

"'ድንጋዩ እምቢ አለኝ' እያለች ነው እኮ የሞተችው" አለች።

ጋሼ ቩኮማን አልሰሙም። አረቄ ቀድተው ሰጡኝና "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ግራይንደሩ እጄ ላይ ገና አልበረደም ነበር። የእትዬ ስታመንካ ስም ካረምኩት ቁጥር አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተጽፏል። አረቄውን ጠጣሁ፣ ገመዱን ጠቀለልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።