ወይዘሮ ወቅት ያወጁት መኸር

ወይዘሮ ወቅት መኸር መግባቱን ያወጁት ሐሙስ ማታ በስልክ ነው። አየሩን ያማከረው የለም። ከተማው ገና በሙቀት ይቀቀል ነበር፤ ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ እኛ ቤት መስኮት ተከፍቶ ነው የሚታደረው። እሳቸው የሚያነቡት መጽሔት ግን «መኸርን በዘይቤ» የሚለውን እትሙን አውጥቷል። ስለዚህ መኸር ገብቷል።

ወይዘሮ ወቅት የምላቸው እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊታቸው ግን አልደፍረውም። የወንድሜ እጮኛ እናት ናቸው። መሀል ከተማ የመጋረጃና የቤት ማስጌጫ ሱቅ አላቸው፤ ሰውንም የሚያዩት በዚያው ዐይናቸው ነው፤ ከሶፋው ጋር ይሄዳል ወይስ አይሄድም። ሐቁን ለመናገር ሙያቸውን ያውቁበታል። ጨለማ የዋጠውን ክፍል በጨርቅና በመብራት ብቻ ሰው ልውጣ የማይልበት ሲያደርጉት አይቻለሁ። ችግሩ ክፍሉ ውስጥ የሚኖሩትንም ማስጌጥ መፈለጋቸው ነው።

መጽሔቱንም አንድ ቀን ሱቃቸው ቁጭ ብዬ ገልጬዋለሁ። ሰዎቹ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ እየሳቁ ይራመዳሉ። የሚያልበው የለም፤ ቅርጫት የሚሸከምም የለም፤ ቅርጫቱ ግን ሁልጊዜ ሰዎቹ የደረሱበት ደርሶ ይገኛል።

ሐሙስ ማታ የመጣው ስልክ ሙሉ ትእዛዝ ነበር። ቅዳሜ ቤተሰቡ ወደ ትልቁ መናፈሻ ይወጣል፤ የመኸር ምግብ ይበላል፤ የመኸር ስጦታ ይታደላል፤ በመኸር ልብስ ፎቶ ይነሳል። ለየሰው ቀለም ተመድቧል። ለወንድሜ የዝገት ቀለም ደረሰው፤ ለእኔ ጥቁር አረንጓዴ።

ወንድሜ መነጽር ቤት ነው የሚሠራው። የሰው ዐይን ይለካል፣ መስታወት ይቆርጣል፣ ፍሬሙን አፍንጫ ላይ አስተካክሎ ይሸኛል። እጮኛው አዋላጅ ነርስ ናት። ቃል ከተገባቡ ቆይተዋል፤ የሠርጉ ቀን ግን አልተቆረጠም። ቀኑን የሚቆርጡት እናትየው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ «እስቲ መኸሩ ይግባ» እያሉ ሲያቆዩት ከረሙ። ስለዚህ ወንድሜ ለዚያ ቅዳሜ የተዘጋጀው ሽርሽር እንደሚወጣ ሰው ሳይሆን ፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ ነበር። ካለፈ ቀን ይቆረጥለታል።

ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ አገኘሁት። ካፖርቱ ከጉልበቱ በታች ይወርዳል፤ ወፍራም ሱፍ ነው፣ ከውስጥ ገበር አለው። ከሥሩ አንገቱን የዋጠ ሹራብ፣ ከላዩ ሻርፕ።

«እንዴት ነኝ?» አለኝ።

«ብርድ ብርድ ያለው ሰው ትመስላለህ።»

«የጠየቅኩህ ቀለሙን ነው።»

«ቀለሙ ዝገት ነው። በር ብትሆን ኖሮ አስቀባህ ነበር።»

«ቀልድ። አንተ ደግሞ ለምንድን ነው ያልለበስከው? ጥቁር አረንጓዴ ነው እኮ ያሉህ።»

«ሙቀት ነዋ።»

«ሁላችንም ይሞቀናል» አለ ሻርፑን እያጠበቀ። «ሰው ለሚወደው ሲል አንድ ቀን ቢሞቀው ምን ይሆናል?»

ለሚወዳት ሲል መሆኑን ያን ጊዜ አምኜው ነበር።

እነሱ ቤት ስንደርስ የመኪናው የኋላ ኮፈን ተከፍቶ ዕቃ ይጫናል። ወይዘሮ ወቅት በሰናፍጭ ቀለም ካባ ተጠቅልለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ ተጫምተው መሀል ላይ ቆመዋል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሳማቸው።

«እናቴ፣ እንዴት አደሩ?»

እናቴ ማለት የጀመረው ገና ቀለበት ሳያስር ነው። እሳቸው አንገትጌውን አቀኑለት፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ይኼ ነው ልብስ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና አጭር እጅጌ ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ ልጅ፣ የተባለውን አልሰማህም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ሙቀቱን አልቻልኩትም።»

«እንግዲያው ፎቶ አንሺ ትሆናለህ። ፎቶ አንሺ አይታይም» ብለው ስልካቸውን እጄ ላይ አስቀመጡ።

አባትየው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሜዳ ለሜዳ መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ በወይን ጠጅ ቀለም ወፍራም ኮትና ሰደርያ ታሽገዋል። ደም ግፊት አለባቸው።

«እንዴት ነዎት አባባ?»

«አለሁ ልጄ። ተጠቅልያለሁ፤ መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።»

እጮኛው የመጣችው ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ ነው። ዐይኗ ቀልቷል። የተመደበላትን ቡኒ ካፖርት ሳትከራከር ለበሰች፤ እየቆለፈች ወደ እኔ ጠጋ አለችና «አባዬን እያየህልኝ፤ ትናንት ኪኒኑን ረስቷል» አለችኝ።

መጨረሻ ላይ የተጫነው ሰፊ ካርቶን ነበር። ወንድሜ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነው የተሸከመው።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው ቀያሹን።

«ቅጠል።»

«የምን ቅጠል?»

«አምና የረገፈ። ባለቤቴ ለቅማ፣ በካውያ ተኩሳ፣ በወረቀት መሀል አኑራው ነው። ዘንድሮ ዛፎቹ ካመፁ ብላ።»

ዛፎቹ በእርግጥ አምፀው ነበር። መናፈሻው ውስጥ ሰው ሁሉ በካናቴራ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ልጆች አይስክሬም ይልሳሉ። በመሀላቸው በካፖርት ተጀቡነን፣ ማለቴ እነሱ ተጀቡነው እኔ ቅርጫት ተሸክሜ፣ ስናልፍ አንዲት ሕፃን «እማዬ፣ እነዚህ ከየት ነው የመጡት?» አለች። እናቷ ዝም አሰኘቻት፤ እሷም ግን ዞራ ማየቷ አልቀረም።

ወይዘሮ ወቅት አንድ ትልቅ ዛፍ መረጡ። ወንድሜ ካርቶኑን ከፍቶ ከሥሩ ቅጠል ይበትናል፤ እሳቸው ራቅ ብለው ያዛሉ።

«ወደ ግራ ትንሽ። እንደሱ አይደለም የኔ ልጅ፤ ራሱ የወደቀ እንዲመስል።»

የመናፈሻው ጥበቃ ዱላውን እየጎተተ መጣ።

«ምንድን ነው የምትደፉት?»

«ቅጠል ነው» አለ ወንድሜ።

«ቅጠል መሆኑንማ አያለሁ። ከየት የመጣ ነው?»

«ከዛፍ።»

ጥበቃው ቀና ብሎ ዛፉን አየ። አንድ ቢጫ ቅጠል የለበትም። «ከዚህ ዛፍ አይደለም» አለ። «ስትሄዱ ትለቅሙታላችሁ። ጠዋት ነው ያስጠረግኩት።»

ተቀመጥንና ምግቡ ወጣ። ከቴርሞስ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል የዱባ ሾርባ፤ የዱባ ኬክ፤ ቀረፋ የገባበት ትኩስ የፖም ጭማቂ። በዚያ ፀሐይ ቀዝቃዛ ነገር አንድም አልመጣም፤ መጽሔቱ ላይ አልነበረማ። ከዚያ ስጦታ ታደለ፤ ለየሰው ትንሽ ቅርጫት፣ ውስጡ የቀረፋ ሽታ ያለው ሻማና አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ። ሻማው መኪናው ውስጥ ቀልጦ ካልሲው ላይ ተጣብቋል።

ወንድሜ ካልሲውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ሽታው ግሩም ነው፣ እናቴ» አለ።

እሳቸው ደስ አላቸው። «አንተ እኮ ይገባሃል» አሉት። «ከምሳ በኋላ ስለዚያ ነገር እናወራለን፤ ስለ ቀኑ።»

ወንድሜ በደስታ ጆሮው ድረስ ቀላ። ላብ ከፀጉሩ ሥር እየወረደ መነጽሩን ያንሸራትትበት ነበር፤ በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ሾርባውን ደገመ።

እኔ የማየው ቀያሹን ነው። መጀመሪያ ይቀልዱ ነበር፤ ኋላ ቀልዱ ቀረ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ከኮታቸው ጋር አንድ ቀለም ሆነ። ወይዘሮ ወቅት ያን ያህል መዛመድ ያሰቡ አይመስለኝም። ማንኪያቸው ሳህኑን ስቶ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ለእጮኛው በዐይኔ አሳየኋት። ተነስታ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ የእጃቸውን አንጓ ያዘች።

«አባዬ፣ ኮቱን አውልቅ።»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና አይደለህም። ልብህ እየሮጠ ነው።»

«ፎቶ ሳንነሳ?» አሉ እናትየው። «ብርሃኑ የሚያምረው አሁን ነው እኮ። ትንሽ ታገሡ።»

«እማዬ፣ እባክሽ እዪው።»

«አየሁት። ሁላችንም ሞቆናል። እኔስ አልሞቀኝም?»

እውነታቸውን ነበር። ላቡ ከአገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ለራሳቸውም አለመራራታቸውን መመስከር እችላለሁ፤ ምስክርነቱ የሚጠቅማቸው ከሆነ።

«ተዪ ልጄ» አሉ ቀያሹ። «እኔ ብቻዬን አውልቄ የሰው ቀን አላበላሽም። ሙሽራው ካወለቀ ግን አወልቃለሁ።» እየሳቁ ነበር የተናገሩት፤ ሳቁ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው።

እጮኛው ቀና ብላ ወንድሜን አየችው።

«አውልቅ» አለችው።

እጁ ወደ ላይኛው ቁልፍ ሄደ። ቁልፉን ያዘው። ከዚያ ዞሮ ወይዘሮ ወቅትን አየ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው አንዷን ቅጠል ከነበረችበት አንስተው ትንሽ ፈቅ አደረጓት፤ ያቺን ብቻ።

«አንድ ፎቶ...» አለ ወንድሜ። «አንድ ፎቶ እንነሳና ወዲያው ሁላችንም እናወልቃለን። አይደል እናቴ?»

«ለካ» አለች እጮኛው።

የራሷን ካፖርት አውልቃ ቅጠሉ ላይ ጣለችው። ከዚያ የአባቷን ኮት ገፈፈች፤ ሰደርያውን ፈታች፤ የሸሚዛቸውን አንገት ከፈተች። እኔ ስልኩን ሣሩ ላይ ትቼ ወደ ኪዮስኩ ሮጥኩና ቀዝቃዛ ውሃ አመጣሁ። ጠጡ፤ በአናታቸውም ላይ አፈሰሰችላቸው። ትንሽ ሲሻላቸው ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ በሩ ወሰድናቸው። ወንድሜ ጥቂት እርምጃ ተከተለን።

«ልምጣ?» አለ።

«ፎቶህን ተነሳ» አለችው ሳትዞር።

እዚያው ቆመ። «ልምጣ?» ብሎ የጠየቀውን ሰው አልወቅስም፤ ደንግጦ ነበር። ግን ታክሲ እስኪመጣ ከበሩ ሆኜ ሳየው ፊቱን አንዴ ወደ እኛ አንዴ ወደ ዛፉ ከማዞር በቀር እግሩን አላነሳም።

ሸኝቻቸው ስመለስ ስልኩን የያዘው ጥበቃው ነው። ወይዘሮ ወቅትና ወንድሜ ከዛፉ ሥር ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል።

«ፈገግ በሉ» ይላል ጥበቃው።

ፈገግ ብለው ነበር።

ከፎቶው በኋላ ወንድሜ ካፖርቱን እንደቆለፈ በጉልበቱ እየሄደ ቅጠሉን ለቀመ፤ ጥበቃው ከበላዩ ቆሞ የቀረውን በዱላው ያሳየዋል። ወይዘሮ ወቅት ሳህኖቹን ሲያነሱ የባላቸውን ማንኪያ ደጋግመው ይጠርጉ ነበር። ማየቴን ሲያውቁ «ጋደም ሲል ይሻለዋል፤ ሁልጊዜም እንደዚሁ ነው» አሉኝ። ስለ ሠርጉ ቀን ማንም አላነሳም።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው፤ ብቻውን መስማት የፈራ መሰለኝ።

«አባዬ ደህና ነው» አለች። «ግፊቱ ወርዷል፤ ተኝቷል።»

«ተመስገን። እኔ እኮ ልመጣ ስል...»

«ስማኝ። ሠርጉ ይቅር።»

«በአንድ ካፖርት?»

«በካፖርቱ አይደለም። ካፖርቱንማ እኔም ለብሼው ነበር።» ድምፅዋ የደከመ እንጂ የተቆጣ አልነበረም። «እኔ የማገባው ከዚያ ቤት ለመውጣት ነበር። አንተ ደግሞ ለመግባት ትጥራለህ። በር ላይ ተላለፍን።»

«ሁሉን ያደረግኩት ለአንቺ ብዬ ነው እኮ። ዛሬ ቀኑን ሊቆርጡልን ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህም ነው ያልተጣላሁህ። ደህና እደር።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። አሳዘነኝ፤ ማዘኔን ግን ለመናገር አፌን ሳልከፍት ቀና አለ።

«እናትየውን ባነጋግር ሐሳቧን ትቀይራለች።»

«አሁን ያለችህን ሰምተሃል?»

«አንተ አታውቃቸውም። እሳቸው ከፈለጉ ያስተካክሉታል።»

«ወንድሜ፣ እሷ ያለችህ እኮ ይህንኑ ነው።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ቁጥሩን ነካ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሲያነሱለት ተነስቶ ቆመ።

«እናቴ» አለ፣ «ፎቶው እንዴት ወጣ?»