ማፍሰሻ፦ አለ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብራዮኒ ኪትሰን የምክር ቤቱን ፒካፕ ስታቆም፣ ከማፍሰሻው ፊት ስድስት ሰው ተሰልፎ አገኘች። እያንዳንዱ ጎማ ያለው ግራጫ ሣጥን ይዟል። አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት በተገጠመለት መኪና አገር የሚዞር ሰው፣ ቢበዛ በሦስት ቀን አንዴ የሽንት ቤቱን እዳሪ የሚይዘውን ያንን ሣጥን የሆነ ቦታ ሄዶ መገልበጥ አለበት። ዋራንዴል ከተማ ውስጥ የሚገለበጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ተጓዦችን በክፍያ የሚያሳድረው የሞሪስ ዱገን የመኪና ማደሪያ በር ላይ ያለው የሲሚንቶ ጉድጓድ። ዛሬ የብረት ክዳኑ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከጎኑ አንድ ካርቶን ቆሞ «ዝግ ነው። ወደ ነጻው ቦታችሁ ሂዱ» ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ የምክር ቤት ሰው ነሽ አይደል?» አለ ከፊት የቆመው ሽማግሌ። ጎርደን ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው፤ ከሚስቱ ጋር በነጻ በሚታደርበት ወንዝ ዳሩ ሜዳ ላይ ሁለት ሌሊት አድሯል። «ትከፍቺልናለሽ ወይስ ሣጥኑን ቢሮሽ ላምጣው?»

«አነጋግረዋለሁ። ሌሎቹ የት ሄዱ? ትናንት ሃያ መኪና ነበር።»

«ሌሎቹማ መቆም ሰለቻቸው። ወንዝ ዳር ያለው የሕዝብ ሽንት ቤት ውስጥ ሲደፉ አይቻለሁ። እሱ ነው የነገረኝ እንዳትዪ።»

የዚያ ሽንት ቤት ጉድጓድ ቅዳሜ ቅዳሜ የክሪኬት ጨዋታ ለሚያዩ ሠላሳ ሰዎች ተብሎ የተቆፈረ ነው። ከሱ ቁልቁል መቶ እርምጃ ላይ የከተማዋን የመጠጥ ውኃ ከወንዙ የሚስበው ፓምፕ አለ። ብራዮኒ የውኃ ሠራተኛውን ጠርታ ጉድጓዱን አስለካችው።

«እስከ ዓርብ ይይዛል» አላት ሰውየው በስልክ። «ከዚያ በኋላ ሻይሽን ሌላ ከተማ ሄደሽ ጠጪ።»

ሐሙስ የፋሲካ እረፍት ይጀምራል፤ ስልሳ መኪና ይጠበቃል። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ የወንዝ ዳሩን ሜዳ ለዘለቄታው ነጻ ማደሪያ ለማድረግ ድምፅ ይሰጣል። የሚወሰንበትን ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ጥናት የጻፈችው ብራዮኒ ነች። ኮንትራቷ በሰኔ ያልቃል። ከንቲባዋ ጆአን ሃላም «ይህን አሳልፊልኝ፣ ቋሚ አደርግሻለሁ» ብላታለች። በሃያ ስምንት ዓመቷ እናቷ ዳቦ ቤት ጓዳ ውስጥ ለምትተኛ ሰው «ቋሚ» ቀላል ቃል አይደለም።

ሞሪስን የሴቶች መታጠቢያ ውስጥ የውኃ ማሞቂያ ሲፈታ አገኘችው። ሰባ ዓመት አልፎታል። ብራዮኒ ዋና የተማረችው በሱ ገንዳ ነው።

«ክፈተው፣ ሞሪስ።»

«እንደምን አደርክ አይባልም? ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምርም?»

«ሰዎቹ ወንዝ ዳር እየደፉ ነው።»

«ወንዝ ዳሩ የኔ ነው? ሜዳው ያንቺ፣ እንግዳው ያንቺ።» የፈታውን ብሎን ቆርቆሮ ውስጥ ጣለ። «ጥናትሽን አነበብኩት። ሁለቴ። የሣር ማጨጃ አለ፣ የቆሻሻ ማንሻ አለ፣ የሰሌዳው ቀለም ሳይቀር አለ። በዓመት አራት ሺህ ዶላር። ርካሽ ነው። ገጽ ሰባት ላይስ ምን ይላል?»

ምን እንደሚል ታውቃለች። የአገልግሎቶች ዝርዝር ነው። ሰባተኛው መስመር ላይ «ማፍሰሻ፦ አለ» ብላ ምልክት አድርጋ አልፋዋለች። ሁለት ሰከንድ አልፈጀባትም።

«አለ» አለ ሞሪስ። «እንደ ዝናብ፣ እንደ ፀሐይ፣ ዝም ብሎ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔን አልፈው እዚያ በነጻ ያድራሉ፤ ጠዋት ተመልሰው እኔ ደጅ በነጻ ይደፋሉ። አንድ ቀን ከልክዬ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ዛሬ ምን ፈልገህ ነው? ስንት ትፈልጋለህ?»

ሞሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ሌላ ጥያቄ የለሽም?»

«ጊዜ የለኝም።»

«እንግዲያው እኔም መልስ የለኝም» ብሎ ራሱን ማሞቂያው ውስጥ መልሶ ከተተ።

ብራዮኒ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ሽማግሌ ሲያኮርፍ የሚያባብል ሰው አለ፤ እሷ ከነሱ አይደለችም።

እናቷ ኮራል ወሬውን ከሷ በፊት ሰምታለች። ከሜዳው መንገዱን ተሻግሮ ያለው ዳቦ ቤቷ ከሚሸጠው በሊጥ ታሽጎ የሚጋገር የሥጋ ፓይ ግማሹ የሚበላው ወንዝ ዳር በሚያድሩት ነው። አዲሱን ምድጃ በብድር ያስገባችውም እነሱን ተማምና ነው።

«ሞሪስ ገንዘብ ቢጠይቅ እንዳትሰሚው» አለች ሊጡን እየመታች። «እነዚህ ሰዎች መቶ ሺህ ዶላር መኪና ላይ ያወጣሉ፣ ለማደሪያ ግን አሥር ዶላር ስትያቸው ይሸሻሉ። ሳንድፎርድ ከተማ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው፤ እዚያ ማደሪያው ነጻ ነው።»

«ገንዘብ አልጠየቀም።»

«ያማ የባሰ ነው።»

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የውኃ ሠራተኛው ደወለ። ሌሊቱን ብዙ ሰው ደፍቷል፤ የወንዝ ዳሩ ጉድጓድ ዓርብን አያይም፤ ሐሙስ ማታ ይገነፍላል። ብራዮኒ ለከንቲባዋ ነገረቻት።

«ጓጉንቸሩን ቁረጪው» አለች ከንቲባዋ። «የጤና ሕጉ ይፈቅድልናል። ደብዳቤውን ኋላ እጽፈዋለሁ። ብቻ ከስብሰባው በፊት ይለቅ።»

የብረት መቁረጫው ክንድ የሚያህል ነበር። ብራዮኒ ክዳኑ ፊት ተንበርክካ አፉን ጓጉንቸሩ ላይ ስታስገባ ጎርደንና ሌሎቹ ሣጥኖቻቸውን እየጎተቱ ከኋላዋ ተሰበሰቡ። ሞሪስ የሻይ ኩባያውን ይዞ ከመታጠቢያው ወጣ። ይጮህባታል ብላ ጠብቃ ነበር።

«አዲስ ነው፣ ትንሽ ይቸግርሻል» አላት። «ወደ ታች ተጫኚው።»

ተጫነችው። ብረቱ ተበጠሰ። ክዳኑን በሁለት እጇ አነሳች።

ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ጥቁር ፈሳሽ፣ ከጠርዙ አንድ ጣት እንኳ ዝቅ ያላለ። ሽታው ሲመጣ ጎርደን ሣጥኑን ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ። የአንድ ሰው ሣጥን ቢገለበጥበት በመንገዱ ቦይ አድርጎ በቀጥታ ወንዝ ይገባ ነበር።

ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። «መቼ ነው የሞላው?»

«ሰኞ። በየስድስት ሳምንቱ ከሳንድፎርድ የመምጠጫ ቦቴ ይመጣ ነበር። ያለፈውን ሂሳብ ስላልከፈልኩ አልመጣም። እንግዳ በሌለበት በምን ልክፈል?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስንት ትፈልጋለህ አልሽኝ እንጂ ምን ሆነህ ነው አላልሽኝም።» ሻዩን ፉት አለ። «ደግሞ ካርቶን ላይ ሞሪስ ዱገን ከሰረ ብዬ ከምጽፍ፣ ዝግ ነው ብዬ ብጽፍ ይሻላል።»

እዚያው ቆማ ለቦቴው ባለቤት ደወለች። ሰውየው በሞሪስ ስም አንድ ባልዲም አያነሳም። ለምክር ቤቱ ከሆነ ነገ ጠዋት ይመጣል፤ ሁለቱንም ጉድጓድ ይመጥጣል። ግን ምክር ቤቱ እከፍላለሁ የሚልበት የግዢ ትእዛዝ ቁጥር ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መድረስ አለበት፤ ከዚያ የቢሮ ሠራተኞቹ ለፋሲካ ይበተናሉ። የትእዛዝ ቁጥር ለማውጣት ደግሞ በጀት ያስፈልጋል። ለማፍሰሻ በጀት የለም፤ ምክንያቱም ገጽ ሰባት ላይ ማፍሰሻ «አለ»። ያለ ነገር ገንዘብ አይመደብለትም። በጀት መክፈት የሚችለው ምክር ቤቱ በድምፅ ነው፤ የቀረው ስብሰባ ደግሞ የዛሬው ብቻ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኮራል የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሞሪስ አልመጣም።

«ተቆረጠ?» አለች ከንቲባዋ ጎንበስ ብላ።

«ተቆርጧል።»

«ጎበዝ።»

ብራዮኒ ተነሳች። ጥናቱን እንድታቀርብ አሥር ደቂቃ ተሰጥቷታል።

«ገጽ ሰባት ስህተት ነው» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማፍሰሻ አለ ብዬአለሁ። ያለው የሞሪስ ዱገን ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ያስመጠጠው በራሱ ገንዘብ ነው፤ አሁን አልቻለም። ቦታው ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ሲከፍልልን ነበር።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አቋረጠ። ከንቲባዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የማቀርበው ይህን ነው። ለአንድ መኪና በሌሊት አሥራ ሁለት ዶላር። ከሱ ላይ ለቦቴው ይከፈላል፣ ሞሪስም የጉድጓዱ ኪራይ ይከፈለዋል። ቦቴው ነገ እንዲመጣ አሁን መወሰን አለበት። አርባ ደቂቃ አለን።»

«አሥራ ሁለት ዶላር?» ኮራል ተነስታ ቆማ ነበር። «ሳንድፎርድ ይሄዱልሻል። ያ ምድጃ የማን ዕዳ መሰለሽ?»

«ያንቺ ነው፣ እማዬ። ግን ዓርብ ሊጥ የምታቦኪበት ውኃ አይኖርሽም።»

ኮራል ተመልሳ ተቀመጠች። ከንቲባዋ የአምስት ደቂቃ እረፍት ጠርታ ብራዮኒን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«አንሺው። ለሚቀጥለው ወር አስተላልፊው። ቦቴውን እኔ በሆነ መንገድ አስመጣዋለሁ።»

«በየትኛው ቁጥር?»

ከንቲባዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሰኔ ሩቅ አይደለም፣ ብራዮኒ።»

«አውቃለሁ።»

እረፍቱ ሲያልቅ ስድስቱ የምክር ቤት አባላት በብራዮኒ ሐሳብ ላይ እጃቸውን አወጡ፤ ሦስት ለሦስት። ሰባተኛው ድምፅ የከንቲባዋ ነው። ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። ጆአን ሃላም ብራዮኒን አየቻት፣ ሦስተኛውን ረድፍ አየች፣ ከዚያ ፊቷ የተቀመጠውን የውኃ ብርጭቆ አየች። ብርጭቆውን በአንድ ጣት ከፊቷ ገፋ አደረገችውና እጇን አነሳች።

የትእዛዝ ቁጥሩ ለአሥራ አንድ አምስት ደቂቃ ሲቀር ሳንድፎርድ ደረሰ።

ሐሙስ ጠዋት ቦቴው ሁለቱን ጉድጓዶች መጥጦ ሄደ። ብራዮኒ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ የሜዳው መግቢያ ላይ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀመጠች። አዲሱን ዋጋ በእጇ ጽፋ አሮጌው ሰሌዳ ላይ ለጥፋዋለች። የመጀመሪያው መኪና አነበበና ዞሮ ሄደ። ሁለተኛውም። ከመንገዱ ማዶ ኮራል በዳቦ ቤቱ መስኮት ቆማ ታያለች።

ጎርደን የታጠበ ሣጥኑን እየጎተተ መጣ። «አራት ሌሊት በነጻ አድሬ ዛሬ ልትጨምቂኝ ነው?»

«ሳንድፎርድ ነጻ ነው ይላሉ።»

«ሣጥኑን እዚያ የት ነው የሚደፉት?»

«ሄደህ ጠይቃቸዋ።»

ሽማግሌው ሣንቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረላት።

እኩለ ቀን ላይ ኮራል መንገዱን ተሻገረች። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ፓይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ስምንት ተመለሱ» አለች። «ቆጥሬአለሁ።»

«አሥራ አንድ ገቡ።»

«ስድስት ዶላር ከሃምሳ።»

ብራዮኒ ቀና አለች። እናቷ ለፓይ ዋጋ ጠይቃት አታውቅም፤ አንድም ቀን። ኮራል እጇን ዘርግታ ጠበቀች፤ ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ብራዮኒ ከገቢው ሣጥን ሳይሆን ከኪሷ ሰባት ዶላር አውጥታ ሰጠቻት።

ኮራል ሃምሳ ሣንቲሙን መለሰችላትና ወደ ምድጃዋ ሄደች።