ሸዋ በር ላይ የቆመ ጀናዛ

"ክላክስ አድርግ! ክላክስ ሳታደርግ አታልፍም!"

ወጣቱ የሚኒባሱን ፊት በመዳፉ ደበደበው። ሾፌሩ ጁነይድ ፍሬን ረገጠ። ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ የሚወስደው አስፋልት በሰው ጢም ብሏል፤ ባንዲራ የለበሰ፣ ቅጠል የያዘ፣ ሞተር ሳይክል ላይ የቆመ። ገዢው ፓርቲ ጠዋት አዲስ ሊቀመንበር መርጧል፤ የደሴ ሰውም ቤቱን ዘግቶ ወጥቷል።

ጁነይድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ወንድሜ፣ ጀናዛ ይዘናል" አለ።

ወጣቱ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። የኋላ ወንበሮች ተነቅለው ቃሬዛ ገብቷል፤ ቃሬዛው ላይ በነጭ ከፈን የተጠቀለለ ጀናዛ አለ። የሟቿ ባል አቶ ዓብዱ ከራስጌ፣ የልጃቸው ባል ሙንዚር ከግርጌ ተቀምጠዋል።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! አፉ በሉኝ አባባ፣ አላወቅሁም። ቀብሩ የት ነው?"

"ገራዶ" አሉ ዓብዱ። "ተቆፍሮ ሰው እየጠበቀን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድንደርስ እርዳን ልጄ።"

"አብሽሩ! ሀምዲን እባላለሁ፣ እኔ አስከፍታለሁ" አለና ተመልሶ ሰው መሀል ገባ።

ሟቿ ሸፊቃ ያረፉት ኮምቦልቻ፣ ልጃቸው ሙና ቤት ነው። ለሕክምና ይቀርባቸዋል ተብለው ከገራዶ ከወረዱ ወዲህ ሕመሙ ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ፣ ድምፅ የሚባል ነገር አልችል ብለው ነበር። ድስት ሲከደን እንኳ ይሳቀቃሉ። ሙንዚር የፓርቲውን ስብሰባ የተከታተለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ፣ የሰዎቹን አፍ እያየ ነው። የሚሠራበት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ከቆመ ጀምሮ፣ ብቻ አዲስ ሰው ይምጣ እንጂ ማንም ይሁን ባይ ሆኗል። ዛሬ ጠዋትም ምርጫው ማለቁን ያበሰረው የጎረቤት ጩኸት ነበር።

"ምንድን ነው?" አሉ ሸፊቃ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"አዲስ ሰው መርጠው ነው እማማ።" ሙንዚር ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

"ኸይር ያድርገው። በሩን ዝጉልኝ።"

ዓብዱ ተነስተው በሩን ዘጉላቸው። ከዚያ ወዲያ ሸፊቃ ከሸሃዳቸው ሌላ ቃል አልተናገሩም። እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ ብለው ቀደም ሲል ተናዝዘው ነበርና፣ ሙና ደጅ ላይ እያለቀሰች ቀርታ ወንዶቹ የሐረጎን ዳገት ይዘው ወጡ።

አሁን የሙንዚር ስልክ ጮኸ፤ ከገራዶ ነው። ሰዉ የዐሥር ሶላት ሰግዶ ቆሞ እየጠበቀ ነው አሉት። "ሸዋ በር ደርሰናል" አለ። ቅድምም ያላቸው ይህንኑ ነበር።

ሀምዲን ላቡ እየወረደ ተመለሰ። ድምፁ ሰልሏል።

"አባባ፣ አቃተኝ። ቅርብ ያለው ሰምቶ ፈቀቅ ሲል ከኋላ የመጣው ይሞላዋል። ክላክስ የሚያደርገውን መኪና ግን እያጨበጨቡ ያሳልፉታል።"

"ወርደን ብንሸከማቸውስ?" አለ ሙንዚር።

"በዚህ ግፊያ? ይጥሏቸዋል" አለ ሀምዲን።

ጁነይድ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ከኮምቦልቻ የመጡ የጭነት መኪኖች ጥግ ለጥግ ተገጥግጠዋል።

"እኔ ጀናዛ ይዤ ክላክስ አላደርግም" አለ። "ወላሂ አላደርግም! ሰርግ ነው እንዴ የያዝኩት? ነገ በምን ፊቴ ሰው አያለሁ?"

ሙንዚር አንገቱን ደፋ። ሰልፈኛውን ለመጥላት ፈልጎ አቃተው፤ የሚስቱ እናት ባይሞቱ እሱም እየጨፈረ ነበር።

ዓብዱ በዕድሜያቸው "አዲስ ሰው መጣ" ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተዋል። ለአንዳንዱ ወደው አጨብጭበዋል፣ ለአንዳንዱ ተገድደው። የማዳበሪያ ዋጋ ግን ለአንዱም ብሎ ወርዶ አያውቅም። ዛሬ የፈለጉት መኪና የምታሳልፍ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሷንም የሚሰጥ ጠፋ። የሚቆጡት ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም እንኳን ደስ አላችሁ ይላል።

የጦሳ ተራራ ጥላ አስፋልቱን ተሻግሮ ሚኒባሱ ላይ ወጣ።

ዓብዱ የለበሱትን ጋቢ አወለቁ። አጠፉና በከፈኑ ላይ የሸፊቃን ራስ ዙሪያ ሸፈኑበት። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን የሚስታቸው ጆሮዎች ባሉበት በኩል፣ ከግራና ከቀኝ አሳረፉ።

"ጁነይድ።"

"አቤት አባባ።"

"አድርግ።"

"ኧረ በአላህ፣ ጀናዛ እኮ ነው!"

"አድርግ አልኩህ ልጄ። እኔ ይዣታለሁ።"

ጁነይድ ክላክሱን ተጫነው፤ ደግሞም ተጫነው። ሰዉ እልል እያለ መንገድ ከፈተ። አንዱ ሮጦ የመስታወቱ መጥረጊያ ላይ ቅጠል ሰካ።

ዓብዱ መዳፋቸውን ሳያነሱ ጎንበስ ብለው፣ "አፉ በይኝ ሸፊቃ" አሉ። ከጩኸቱ የተነሳ ከግርጌ ያለው ሙንዚር እንኳ አልሰማቸውም።